የሁለት ደቂቃው ዝምታ

ባለፈው ሳምንት ምጥንን የተውናት ከፋርማሲው ባንኮኒ ኋላ፣ ያልተከፈተ ፖስታ በጋዎኗ ኪስ እንደያዘች ነበር። ፖስታውን ያመጣላት ወደ ተራራው ካምፕ ስንቅ የሚያመላልሰው መኪና ሾፌር ነው። "ከማማው ሰው" አለና የራስ ምታት ኪኒን ገዝቶ ሄደ። ቀኑን ሙሉ አልከፈተችውም። ደስ የሚል ነገር የያዘ ደብዳቤ እንዲህ ቀጭን አይሆንም ብላ ፈርታ ነው። የፈሩትን ነገር ደግሞ ኪስ ውስጥ ይዘውት ሲዞሩ ክብደቱ ይጨምራል።

ምጥን የመዝገብ ስሟ አይደለም። ስትወለድ ሁለት ኪሎ እንኳ ስላልሞላች እናቷ ያወጡላት የቤት ስም ነው። ዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቷት፣ ነጭ ጋዎን ለብሳ ለሰው ሁሉ መድኃኒት ስታድልም እናቷ ከዚህ ስም አልወጡም።

የማማው ሰው የኔትወርክ ሠራተኛ ነው። ስድሳ ሜትር በሚረዝም የብረት ማማ ላይ በገመድ ታስሮ እየወጣ አንቴና ይሰቅላል። የዛሬ ሁለት ዓመት ገመድ የላጠውን መዳፉን ይዞ ፋርማሲው መጣ። ቅባቱ እንዴት እንደሚቀባ በራሷ ጣት አሳየችው። ቁስሉ በሳምንት ዳነ፤ እሱ ግን ወሩን ሙሉ ቅባት ሲገዛ ከረመ። ካሸሯ ሳትቀር "ይህ ሰው ስንት እጅ ነው ያለው?" አለች። ምጥንም አንድ ቀን "ለየትኛው ቁስል ነው የምትወስደው?" ብትለው ቀና ብሎ አያት። መልሱን ያገኘችው ከዓይኑ ነው።

ከስምንት ወር በፊት ሩቅ ተራራ ላይ አዲስ ማማ እንዲያቆም ተላከ። ለሰው ሁሉ ኔትወርክ የሚያቆም ሰው ለራሱ ኔትወርክ የለውም፤ ካምፑ ያለው አንድ የሳተላይት ኢንተርኔት ዲሽ ብቻ ነው፤ ሠራተኛው በየተራ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይደርሰዋል። የእሱ ተራ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። በዚያ ሰዓት ምጥን የአባቷን አንድ ወፍራም የሕግ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ አቁማ፣ ስልኳን በእሱ አስደግፋ፣ የክፍሏን በር ዘግታ ትጠብቀዋለች።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ ተራውን ለጓደኛው እንደሰጠ አስቀድሞ ስለነገራት አልጠበቀችውም። በሩን ዘጋችና ፖስታውን ቀደደችው።

"ምጥን፣

ይህን የምጽፍልሽ በስልክ ልነግርሽ ስላልቻልኩ ነው። ለምን እንዳልቻልኩ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ ተቋርጠናል። ሥራዬ ነውና መዘገብኩት። መጀመሪያ፣ ከአሥረኛ ክፍል ትምህርት ማቋረጤን የነገርኩሽ ዕለት። ሁለተኛ፣ እናትሽ ስለ እኔ ምን ይላሉ ብዬ የጠየቅኩሽ ዕለት። ሦስተኛ፣ ነፋስ ማማው ላይ ሦስት ሰዓት ይዞኝ የዋለበትን ቀን ሳወራሽ። አራተኛ፣ ናፍቀሽኛል ስልሽ። አምስተኛ፣ ያለፈው እሑድ፣ ትልቁን ነገር ልነግርሽ አፌን ስከፍት። አምስቱም ሁለት ሁለት ደቂቃ ናቸው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጫማዬ፣ ስለ ካምፑ ድመት ሳወራሽ ግን አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም።

በእኛ በኩል ያለውን ፈተሽኩት፤ ንጹሕ ነው። የሚቋረጠው እናንተ ቤት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ኔትወርክ ላይ ሠርቻለሁ። ኔትወርክ ወሬው ሲከብድ አያውቅም፤ የሚያውቀው ሰው ነው። ሁለቷ ደቂቃ ለመተንፈስ የምትወስጃት መሰለችኝ። የዳኛ ልጅ ነሽ፤ በእኔ የምታፍሪበት ቦታ ቢኖር አልፈርድብሽም።

ትልቁ ነገር ይህ ነው። ድርጅቱ ወይ እዚህ ሁለት ዓመት ጨምር፣ ወይ እናንተ ከተማ ጥገና ክፍል ግባ ብሎኛል። ቅዳሜ እኩለ ቀን እፈርማለሁ። ዓርብ በአሥራ ሁለት ሰዓት ደውዬ ልምጣ ወይ ብዬ እጠይቅሻለሁ። በጽሑፍ አትመልሺልኝ፤ ጽሑፍ ሰው አስቦ፣ አርሞ ይጽፈዋል። ፊትሽን እያየሁ ልስማው። ከተቋረጠ ግን መልስሽ እሱ ነው ብዬ እፈርማለሁ፤ ዳግም አላስቸግርሽም።"

ምጥን ሁለቴ አነበበችው። መጀመሪያ ደሟ ፈላ። በገዛ እጇ ስልክ ዘግታ፣ ሁለት ደቂቃ ቁጭ ብላ ተንፍሳ፣ መልሳ "ይቅርታ፣ ኔትወርኩ ነው" የምትል ሴት አድርጎ ሲያስባት ከርሟል። እሷ ደግሞ እስከ ዛሬ የምትታዘበው እሱን ነበር። ከልቡ የሆነ ነገር ይጀምራል፣ ይቋረጣል፣ ሲመለስ ስለ ድመት ያወራል። ጀምሮ የሚፈራ ወንድ መስሏት "ይሁን፣ ቀስ ይላል" እያለች ስታልፈው ኖራለች። ለካ ሁለቱም አንዱ በሌላው ዝምታ ሲቆስሉ ከርመዋል።

ስልኳን አንስታ "እኔ አልዘጋሁም" ብላ ጻፈች። አጠፋችው። የኔትወርክ ሰው፣ ኔትወርክ ነው ስትለው እንዴት ያምናል?

እናቷ በሩን አንኳኩና መልስ ሳይጠብቁ ገቡ። "ማን ሞተ?" አሉ።

"ማንም አልሞተም፣ እማዬ።"

"ታዲያ ይህን ፊት ከየት አመጣሽው?"

"ደክሞኝ ነው።"

"ያ ሰማይ ላይ የሚሠራው ነው? ወደቀ?"

"አልወደቀም።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ፤ ፊታቸው ግን ምንም አልተፈታም። እኚህ ሴት የምሥራች እንኳ ሲነገራቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት የተጎዳ ሰው መኖሩን ነው። ዳኛው ባለቤታቸው ከሞቱ ጀምሮ በቤቱ ውስጥ ያልጠረጠሩት ዕቃ የለም። ጋዝ ይፈነዳል ብለው ምድጃውን ከመሸ አይነኩትም፤ ለዚህም ነው ምጥን ማይክሮዌቭ የገዛችላቸው። የዋይፋዩን ራውተርም ጨረሩ ጭንቅላትሽን ይጎዳል ብለው ከልጃቸው ራስጌ አንስተው ኮሪደሩ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠውታል። ስለ ማማው ሰው መጀመሪያ የሰሙ ዕለትም ያሉት አንድ ነገር ነበር። "አባትሽ ይህን ሁሉ የሕግ መጽሐፍ የገዛው ልጁን ለገመድ ሠራተኛ ሊድር ነው?" ብለው ነበር። ምጥን ያን ቃል አልረሳችውም።

በዚያ ሌሊት የተረዳችው አንድ ነገር ነው። ልመናም ቁጣም አያዋጣም። የሚቋረጥበትን ምክንያት ከዓርብ በፊት ማግኘት አለባት፤ አለዚያ ያ ሰው ቅዳሜ ፈርሞ ሁለት ዓመት ይቀራል፤ ሁለት ዓመት ደግሞ ለተከፋ ልብ ዕድሜ ልክ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ፈቃድ ወስዳ ቤቷ ዋለች። መጀመሪያ ለኢንተርኔት ድርጅቱ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ድምጿ የደከመ ነበር።

"ደንበኛችን፣ ራውተሩን አጥፍተው አብርተውታል?"

"አጥፍቼ አብርቼዋለሁ።"

"እስቲ አሁንም አጥፍተው ያብሩት።"

"እህቴ፣ ከትናንት ጀምሮ ሰባት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ከዚህ በላይ ብትገድዪኝም አላጠፋውም።"

ልጅቷ ሳቀችና ድምጿ ሰው ሆነ። መስመሩን ከዚያው ሆና አየችው፤ ደህና ነው አለች። የጎረቤት ዋይፋይ በዝቶ ይሆናል ብላ የሞገዱን ቻናል ቀየረችላት። መጨረሻ ላይ "ቤት ውስጥ ሞገዱን የሚረብሽ ዕቃ ሊኖር ይችላል፤ ሲቋረጥ ምን በርቶ እንደነበር ይመዝግቡ" አለቻት።

መዝገብ የምጥን ሥራ ነው። ፋርማሲው ውስጥ የክትባቱን ፍሪጅ ሙቀት ጧትና ማታ የምትጽፈው እሷ ናት። ደብተር አወጣች፣ መስመር አሰመረች፣ ለካሸሯ በቪዲዮ ደወለችና ስልኩን ሕግ መጽሐፉ ላይ አስደግፋ ቤቱን ማብራት ጀመረች። ቴሌቪዥን፤ አልተቋረጠም። ካውያ፤ አልተቋረጠም። የፀጉር ማድረቂያ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ሬዲዮ፤ ካሸሯ ከነማስቲካዋ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

እናቷ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተሉ ያጠፋሉ። "ቆጣሪው ይቃጠላል" ይላሉ። "ቤቱ እሳት ይነሳበታል፤ ሰው ምን ይለናል? አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?"

"ሙከራ ነው፣ እማዬ።"

"ሙከራሽን ፋርማሲሽ ሄደሽ አድርጊ።" ወደ ኩሽና ስታመራ ደግሞ ደጃፉ ላይ ቆመው ከለከሏት። "ኩሽናዬን ለእኔ ተዪው። አንድ እሳት ይበቃናል።"

ምጥን ተመልሳ ተቀመጠች። ደብተሩ ላይ ከላይ እስከ ታች የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ ደህና፣ ደህና፣ ደህና። ደህና የሚለው ቃል እንዲህ አስፈርቷት አያውቅም።

"ምናልባት ኔትወርኩ የሚያፍረው እሱን ብቻ ይሆናል" አለች ካሸሯ።

"አትቀልጂ። እውነት ቢሆንስ? እኔ ሳላውቀው የምዘጋው ቢሆንስ?"

"በአፍንጫሽ ነው የምትዘጊው? እጅሽን አያለሁ እኮ። ይልቅ ነገ ምን ልትይው ነው? እስቲ እኔን እሱ አድርጊኝና ሞክሪው።" ካሸሯ ማስቲካዋን አወጣችና ድምጿን አወፈረች። "ምጥንዬ፣ ልምጣ ወይ?"

ሁለቱም ሳቁ። ምጥን ግን ሳቋን ሳትጨርስ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

"ስማ" አለች፤ ድምፅዋ ወረደ። "አፍሬብህ አላውቅም። ያን ቀን ነፋስ ይዞኝ ዋለ ስትለኝ፣ እኔ ያ ሦስት ሰዓት ካለፈም በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ስንቀጠቀጥ አደርኩ። ማንም እንዲያይብኝ ስለማልፈልግ…"

ካሸሯ አፏን በግማሽ ከፍታ ቀረች። አንድ ዓይኗ ተጨፍኗል። አትንቀሳቀስም።

ምጥን እጇን ወደ ስልኩ ሰደደችና መለሰችው። ሰዓቷን አየች። ሠላሳ ሰከንድ። አንድ ደቂቃ። አንድ ተኩል። ሁለት። ከግድግዳው ወዲያ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ የሚል ድምፅ ተሰማና ካሸሯ ነፍስ ዘራች። "ሃሎ? ሃሎ? አንቺ፣ የት ሄድሽ?"

በሩ ተንኳኳ። እናቷ በሳህን ላይ ኩባያ ይዘው ገቡ። ከኩባያው እንፋሎት ይወጣል።

"ወተት አሙቄልሻለሁ። ጠጪ፤ ያረጋጋሻል።"

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። ይህን ኩባያ ምጥን አምስት ጊዜ አይታዋለች። በአምስቱም ቀን፣ ልክ መስመሩ ሲመለስ፣ በሩ ይንኳኳና ወተቱ ይመጣል። ከሐዘኗ ጋር አብሮ ስለሚመጣ መጽናኛ እንጂ ሌላ ነገር ይሆናል ብላ ጠርጥራው አታውቅም።

ምንም ሳትናገር ኩባያውን ተቀብላ፣ ስልኩን ይዛ ወደ ኩሽና ሄደች። እናቷ ተከተሏት። ወተቱን መልሳ ማይክሮዌቩ ውስጥ ከተተችና ተጫነችው። ካሸሯ ቀጥ አለች። አቆመችው፤ ካሸሯ ተንቀሳቀሰች። ደግማ አበራችው፤ ቀጥ አለች። ስልኩን ዘጋችውና ግድግዳውን አየች። ከግድግዳው በዚህ በኩል ማይክሮዌቩ፣ በዚያ በኩል ኮሪደሩ መደርደሪያ ላይ ራውተሩ፤ ጀርባና ጀርባ ሆነዋል።

"እማዬ፣ ራውተሩን ከክፍሌ ያወጣሽው መቼ ነው?"

"እኔ እንጃ። ሦስት አራት ሳምንት ይሆነዋል። ምነው?"

"ኩሽናውን ለምን ከለከልሽኝ?"

"ዕቃዬን እንዳታቃጥዪብኝ ነዋ።"

"ወይስ እንዳላገኘው?" ምጥን ድምፅዋን አልጨመረችም፤ ብትጨምር ይሻል ነበር። "ይህን ስታበሪ ስልኬ ይሞታል። አምስት ጊዜ ገደልሽው። እሱ እኔ ነኝ ብሎ ያስባል። ቅዳሜ ፈርሞ ሁለት ዓመት ሊቀር ነው። ለገመድ ሠራተኛ አልድርም ብለሽ የለ? ይኸው ሆነልሽ።"

እናቷ ኩሽና ውስጥ ያለችውን አንዲት ወንበር ስበው ተቀመጡ። ማይክሮዌቩን አዩት፤ ቀጥሎ እጃቸውን አዩት፤ የሰበሩት ዕቃ ካለ እንደሚፈልግ ሰው።

"እኔ ወተት ነው ያሞቅኩት" አሉ ቆይተው።

"እማዬ…"

"ቆዪ፣ ልናገር። ቃሉ አይሰማኝም። ጆሮዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ አላውቅም፤ ምስክሬ ፈጣሪ ነው። ድምፅሽ ሲወርድ ግን ይሰማኛል። አባትሽ የሞተ ዕለት ከሆስፒታል ስትደውዪልኝ እንዲህ ነበር የወረደው። ድምፅሽ በወረደ ቁጥር ሆዴ ይርዳል። በሩ ዝግ ነው፤ ገብቼ አላቅፍሽ። ምን ላድርግ? ወተት አሞቅኩ።"

ምጥን ማጠቢያውን ተደግፋ ቆመች። ቁጣዋ ከእግሯ ሥር እንደ ምንጣፍ ተስቦ ሄደ።

"የሕግ መጽሐፍና ገመድ ያልኩትም ለአፌ ነው" አሉ እናቷ። "ፈራሁ ከማለት ኩራት ይቀለኛል ብዬ ነው። አባትሽ እንዴት እንደሞተ ታውቂያለሽ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ ወደቀ። ከመሬት አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። ከወንበር የወደቀ ሰው ካልተነሳ፣ ከሰማይ የወደቀ ሊነሳ ነው? አንቺም እንደ እኔ ስልክ በጮኸ ቁጥር ስትደነግጪ እንድትኖሪ አልፈልግም። ይኸው ነው ወንጀሌ።"

ምጥን ሄዳ ከወንበሩ ሥር ተቀመጠችና ራሷን እናቷ ጉልበት ላይ ጣል አደረገች። ከዚያ ተነስታ ኩባያውን ከማይክሮዌቩ አወጣችና ጠጣች። ሁለት ሦስቴ የሞቀ ወተት ነበርና ምላሷን አቃጠላት።

"እጅግ ሞቀ?" አሉ እናቷ ደንግጠው።

"ደህና ነው፣ እማዬ። እሱ መሬት ላይ የሚሠራ ሥራ ሊይዝ ነበር እኮ። እዚሁ፣ ጥገና ክፍል። የሚጠይቀኝ እሱን ነው።"

"ታዲያ ይህን ቀድመሽ አትነግሪኝም?" አሉ እናቷ፤ ቂም በያዘ ሰው ድምፅ።

ዓርብ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሕግ መጽሐፉ ቆሟል፤ ስልኩ ተደግፏል። የክፍሉ በር ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ምጥን ከተቀመጠችበት ሆና በኮሪደሩ በኩል የኩሽናውን ወንበር፣ ማይክሮዌቩንና እናቷን ታያለች። እናቷ ቀዝቃዛ ወተት በኩባያ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ምን እንደሚያደርጉ ተነግሯቸዋል።

ስልኩ ጠራ።

ፂሙን ተላጭቷል። የራስ ቁሩ ማሰሪያ አገጩ ሥር ቀይ መስመር ትቶበታል። ያልተኛ ሰው ዓይን ነው ያለው። ሰላምታው ራሱ አጭር ነበር።

"ደብዳቤዬ ደረሰሽ?"

"ደረሰኝ።"

"እንግዲህ ልጠይቅሽ ነው። ልምጣ…"

"ቆይ" አለች ምጥን። "መጀመሪያ ስለ ድመቷ ንገረኝ።"

ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ ወደቀ። "ስለ ድመቷ?"

"ስለ ድመቷ። እባክህ።"

ራሱን ነቀነቀ። ሽንፈቱን የተቀበለ ሰው እንደሚያደርገው ትከሻውን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን ከዓይኗ አንስቶ ጀመረ። "ወልዳለች። ቦቲ ጫማዬ ውስጥ ነው የወለደችው። በባዶ እግሬ ነው የምዞረው። ልጆቿ አራት…"

ምጥን እጇን ወደ ኮሪደሩ አነሳች። እናቷ ወተቱን ከተው ማይክሮዌቩን ተጫኑት።

ቀጥ አለ። አፉ "አራት" ላይ ተከፍቶ ቀረ።

ይህን ያሰበችው እሷ ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ አስባ ነው የደረሰችበት። አሁን ግን ደብዳቤው ትዝ አላት። ከተቋረጠ መልስሽ እሱ ነው ብሏል። ጽፎታል። አሁን ከወንበሩ ተነስቶ ቢሆንስ? ተራውን ለሌላ ሰጥቶ፣ ባዶ እግሩን እየጎተተ ወደ ድንኳኑ ቢሄድስ? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እውነት ቢሆንስ? ማይክሮዌቩ ከግድግዳው ወዲያ ያጉረመርማል። አንድ ደቂቃ። እዚያ ቀጥ ያለውን ፊት አየችው፤ በቅንድቡ መሃል ከዚህ በፊት ያላስተዋለችው ትንሽ ጠባሳ አለ። ይህ ጠባሳ ከምን እንደመጣ፣ ማን እንዳከመለት አልጠየቀችም። ያልጠየቀችው ስንት ነገር አለ። አንድ ተኩል። ኩሽና ውስጥ እናቷ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየች፤ እየቆጠሩ ይሁን እየጸለዩ አይታወቅም።

ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።

ምስሉ አልተንቀሳቀሰም። ሦስት ሰከንድ። አምስት።

ተንቀሳቀሰ። ከቦታው አልተነሳም። ወደ ስክሪኑ በጣም ተጠግቶ ስለነበር ግንባሩና ዓይኑ ብቻ ይታያል።

"ሁለት ደቂቃ" አለ ቀስ ብሎ። "ስለ ድመት እያወራሁ።"

"ስለ ድመት እያወራህ።"

"ምንድን ነው?"

"ወተት ነው።"

"ወተት?"

ነገረችው። ግድግዳውን፣ መደርደሪያውን፣ ድምፅዋ ሲወርድ የሚርደውን የእናቷን ሆድ፣ አምስቱን ኩባያ፣ ሁሉንም። ሲሰማ መጀመሪያ ግንባሩን ያዘ፤ ቀጥሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነበትና ፊቱን በክንዱ ጠረገ።

"ኔትወርክ ወሬው ሲከብድ አያውቅም ብለህ ነበር" አለች ምጥን። "የእናቴ ቤት ኔትወርክ ያውቃል።"

"አሥራ አንድ ዓመት" አለ። "አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ፣ ኩሽና ማይክሮዌቭ አለ ወይ ብዬ መጠየቅ አቃተኝ። ለሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነበር። የራሴ ሲሆን ቶሎ የታየኝ መጥፎው ነው። ይቅር በዪኝ።"

"እናቴም እንደዚያው ናት። ትስማማላችሁ።"

ያን ጊዜ እናቷ ራሳቸው ኩባያውን እንደያዙ በሩ ላይ ደረሱ። ስክሪኑን ከሩቅ፣ እባብ እንደሚታይ አድርገው አዩት።

"አንተ ልጅ" አሉ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ እማማ።" ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

"ያ ጥገና ክፍል የምትሉት ፎቅ ላይ ነው?"

"ምድር ቤት ነው፣ እማማ።"

"ጠረጴዛውስ?"

"እስከ ወገቤ ነው።"

"ወንበሩ?"

"እማዬ" አለች ምጥን።

"ልጠይቅ እንጂ። ወንበሩ መደገፊያ አለው?"

"ከሌለው ሠርቼለት እቀመጣለሁ" አለ የማማው ሰው። አልሳቀም። እናቷም ያን አዩ፤ አለመሳቁን። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ኩሽናቸው ተመለሱ። በሩንም እንደተከፈተ ተዉት።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ከእሱ ኋላ የተራራው ነፋስ ድንኳኑን ሲያንገጫግጭ ይሰማል። ከተራው አራት ደቂቃ ቀርቶታል።

"አሁን ልጠይቅ?" አለ።

"ጠይቅ።"

"ከፍታ ላይ ስሆን አይቼሽ አላውቅም እንጂ፣ በወጣሁ ቁጥር ወደ እናንተ ከተማ ዞሬ ነው ገመዴን የማስረው። እዚያ መሆንሽን አላየውም፤ አውቀዋለሁ። ደክሞኛል፣ ምጥን። ማወቅ ብቻ ደክሞኛል። ልምጣ ወይ?"

መልሱ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አፏ ላይ ነበር። ሆኖም ልትናገር ስትል ድምፅዋ ወረደ፤ እንዲያውም ከዚያ በፊት ከወረደበት ሁሉ ዝቅ ብሎ ወረደ።

በኮሪደሩ በኩል እናቷ ብድግ ሲሉ አየች። ኩባያውን እንደያዙ ወደ ማይክሮዌቩ ሁለት እርምጃ ሄዱ፤ እጃቸው ተዘረጋ፤ ከቁልፉ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ። እዚያው ቆሙ። ከዚያ እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡና ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

"ና" አለች ምጥን።

መስመሩ አልተቋረጠም። ቃሉ ሲደርሰው፣ ፊቱ ላይ ሲበራ፣ ሁሉንም አየችው። እናቷ ደግሞ መልሶ የቀዘቀዘውን ኩባያ በሁለት መዳፋቸው መሃል አጥብቀው ይዘው፣ እፍ እፍ እያሉ፣ በገዛ እጃቸው ሙቀት ያሞቁት ጀመር።